የሐምዱ ወገብ ልክ

ደብረ ማርቆስ፣ መስከረም ፳፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለመርየም አባት፣ ለያሕያ

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ሰነበቱ? እኔና ልጅዎ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን፤ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። ደብዳቤዎ ዘግይቶ ደረሰኝ። ማር ሻጩ አንሙት ሁለት ገበያ ቀርቶ ነበር፣ እኔም ሁለቱን ገበያ በር በሩን ሳይ ዋልሁ።

«ለምን ወደ ቤቴ አልመለስም፣ እስከ መቼ በሰው ጎተራ ተደብቄ እኖራለሁ» ላሉት፣ እንዳይመጡ። ጣሊያኖቹ በቀረጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፈዋል። ራሴ ቆሜ አንብቤዋለሁ። «ያሕያ የሚባል የጨው ነጋዴ፣ ዕድሜው አርባ፣ በጣም ወፍራም፣ ሆዱ የገፋ፣ አገጩ የተደረበ፣ በጨው ከረጢት ለሽፍቶች ጥይት ያቀበለ» ይላል። ሰው እያነበበ ሳቀ። እኔም እንዳይታወቅብኝ አብሬ ሳቅሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። በዚህ ከተማ ስንት ወፍራም አለ ብለው ነው? ሁለት ናችሁ፣ አንዱ የራሳቸው አስተርጓሚ ነው።

አሁን የምጽፈውን ቀስ ብለው ያንብቡ። የወንድምዎ የሐምዱ የይለፍ ወረቀት እኔ ዘንድ አለ። አባይን እንዲሻገር በነጋዴነት የተሰጠው ነው፤ ፎቶግራፉ ተለጥፎበታል፣ እስከ ጥር ሃያ ያገለግላል። ልጆች ሳላችሁ መንታ ናቸው ይባል ነበር፤ ዓይኑም አፍንጫውም የእርስዎ ነው። የሚለያችሁ ሥጋ ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ «ቀጭን» ተብሎ ተጽፏል። እርስዎ ከቀጠኑ ሐምዱ ነዎት፣ የቀረጥ ቤቱ ወረቀትም አያውቅዎትም። ጥር አሥራ አምስት ከዚህ የሚነሣ የነጋዴ ጉዞ አለ። ሉማሜ ላይ ይቀላቀሉታል።

ከደብዳቤው ጋር ገመድ ልኬያለሁ። ያንን ክታብ የተሰፋበትን የሐምዱን ቀበቶ ዘርግቼ፣ በሱ ልክ የቆረጥሁት ነው። ወገብዎ ላይ ጫፍና ጫፉ ሲገናኝ ይጻፉልኝ።

ከዛሬ ጀምሮ ከምግብ ጋር ውሃ አይጠጡ፣ ሆድ ይነፋል ይላሉ። በልተው አይተኙ። ቂቤ በዓይንዎም አይዩ። ጎረቤታችን ሀጀራ መራራ ነገር ሁሉ ጮማ ያቀልጣል ብላለች። ለማን እንደሆነ አልነገርኋትም፣ ለራሴ ነው አልኋት። ከላይ እስከ ታች አይታኝ «አንቺ ደግሞ ምንሽ ይቀልጣል» አለች።

መዲና


ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጥቅምት ፫ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለመርየም እናት

ወአለይኩሙ ሰላም። ለጤናዬ ደህና ነኝ፤ ያስቸገረኝ ብርዱ ነው። የጮቄ ውርጭ የጎተራውን ግድግዳ ሰንጥቆ ይገባል።

በአንሙት አፍ «ባለቤቲቱ ምን ዓይነት ሴት ናቸው፣ ይታመናሉ ወይ» ላልሽኝ፣ ወይዘሮ የብርጓል ሃያ ዓመት ጨው ስሸጥላቸው አንድ ቀን ወደ ሚዛኔ አይተው አያውቁም። ባላቸውን ጣሊያን ገድሎባቸዋል። ክርስቲያን ናቸውና ሥጋቸውን አልበላም፤ እሳቸውም ይህን አውቀው ለእኔ ብቻ ድስት ለይተው አስቀምጠዋል። ከዚህ በላይ ምን ልበልሽ።

ገመድሽን ታጠቅሁት። በጫፍና በጫፉ መካከል አንድ ስንዝር ይቀራል። በእኔ ስንዝር ነው፣ በአንቺ አይደለም፤ እንዳትደሰቺ።

ምን ምን እንደሞከርሁ ከምዘረዝርልሽ፣ ያልሞከርሁትን ብትጠይቂኝ ያጥር ነበር። ወይዘሮ የብርጓል መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል የሚባሉ መድኃኒት አዋቂ የቤተ ክርስቲያን ሰው አመጡልኝ፤ ምስጢር ይጠብቃሉ። ሆዴን በጣታቸው ጠቅ ጠቅ አድርገው «ይህ በብርድ የተጋገረ ነው» አሉ። በባዶ ሆድ ፌጦ በሎሚ አዘዙልኝ። ሦስት ቀን ጠጣሁ፣ ቃር እንጂ ሌላ አላየሁም። ቀጥሎ ሰናፍጭ። ዓይኔ አነባ፣ ሆዴ ግን ምንም አልመሰለው። ከዚያ ኮሶ መጣ። መዲና፣ የዚህ አገር ኮሶ ትኩሱን ከዛፉ የወረደ ነው፣ እንደ ማርቆስ ገበያው የከረመ አይደለም። ሁለት ቀን ከጎተራው ጀርባ ከርሜ ብለካ ገመዱ ሁለት ጣት ቀርቧል። እሰይ አልሁ። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ የብርጓል «ኮሶ የጠጣ ሰው አንጀቱ ካልተጠገነ ይሞታል» ብለው ገንፎ አቀረቡ። መሪጌታም ልክ ነው አሉ። ስጠገን ሰነበትሁ። ሁለቱ ጣት ተመለሰ፣ ሌላ አንድ ጣትም ይዞ መጣ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሐምዱ ወረቀቱን ለእኔ ከሰጠ እሱ በምን ይንቀሳቀሳል? የት ነው ያለው? ባለፈውም ጠይቄሽ ዘለልሽው።

ያሕያ


ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለመርየም አባት

አሰላሙ አለይኩም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ባለፈው ስቸኩል ነው የዘለልሁት። ሐምዱ ደህና ነው። ጥጥ ሊገዛ ቆላ ወርዷል፣ ወረቀቱንም አይፈልገውም። እርስዎ ለራስዎ ያስቡ።

በአንሙት አፍ «ከጣሊያኖቹ ዘንድ ምን ሰማሽ» ላሉኝ፣ ማክሰኞ ወታደሮቻቸው፣ አስካሪዎቹ፣ መጥተው ነበር። አልነኩንም። ሱቁን አገላብጠው ምንም ቢያጡ የእርስዎን ሱሪ ከሣጥን አውጥተው ወሰዱት። ከካምፑ በር ላይ ሰቅለው «ይህን ሱሪ የሚሞላ ሰው ያመጣ ይሸለማል» ይላሉ አሉ። መርየም አይታው መጣች። «የአባባ ሱሪ እየተወዛወዘ ነው» አለችኝ። አፏን ያዝኋት። ከዚያ ወዲህ ከቤት አላወጣኋትም።

ከሦስት ቀን በኋላ ረመዳን ነው። እሰይ፣ እንደዚህ ዓመት ጠብቄው አላውቅም። ሙሉ ቀን የማይበላ ሰው ካልከሳ ማን ይከሳል? ሌላም ነገር አለ፤ መርየምን የወለድሁ ጊዜ እናትዎ ሆዴን በመቀነት ጥፍር አድርገው አስረውኝ ነበር፣ በአርባ ቀኔ እንደ ልጃገረድ ሆንሁ። እርስዎም ይታሰሩ። አይፈሩ፣ እዚያ ማን ያይዎታል።

ያንን የአንሙትን ማር ደግሞ አይንኩት። ደብዳቤዬ የተጠቀለለበትን ሰም ሳይቀር እንደላሱት ነግሮኛል።

መዲና


ከሮብ ገበያ በላይ፣ ኅዳር ፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለመርየም እናት

ወአለይኩሙ ሰላም። የሱሪው ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። መርየምን ጥሩ አደረግሽ፣ አታውጫት።

ስለ ጾሙ ለጠየቅሽኝ፣ እንዴት አድርጌ እንደምጽፍልሽ ቸግሮኝ ነው የዘገየሁት። ገመዱ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት ሆኗል። አትቆጪ። ወይዘሮ የብርጓል እንደምጾም ሲያውቁ «በቤቴ የሚጾም ሰው አምላኩ ማንም ይሁን ማን ተርቦ አያድርም» አሉ። ፀሐይ ሲጠልቅ ገንፎው፣ ወተቱ፣ በሶው፣ ማሩ በአንድ ላይ ይመጣል። ቀን ሙሉ ስላልበላሁ አይኔ ይጨልማል፣ እጄም አይታዘዘኝም። ጎሕ ሳይቀድም ደግሞ «ተነሥ፣ ቀኑ ረጅም ነው» ብለው ይቀሰቅሱኛል። ቀን እንዳልንቀሳቀስ ሰው ያየኛል። በልቶ የሚቀመጥ ሰው ሆንሁ፤ በግንስ እንዲህ አድርገን አይደል የምናደልበው።

መቀነቱንም አሰርሁ። ሆዴ እሺ ብሎ ገባ፣ ሥጋው ወደ ደረቴ ወጣ። መሪጌታ አይተው «ይህ ሰውዬ ከአጥንቱ ወፍራም ነው፣ መድኃኒት የለውም» ብለው ተስፋ ቆረጡ።

ከአጥንቴ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ። እናታችን ለእኔና ለሐምዱ ባንድ ሳህን ነበር የምታቀርብልን። ያኔ ቤታችን እንደምታውቂው ነበር። ሐምዱ አራት አምስት ጊዜ ጎርሶ «ጠገብሁ፣ ያሕያ ይጨርሰው» ብሎ ይነሣል። ታናሽ ሆኖ ሳለ እሱ ነበር ቀድሞ የሚነሣው። እኔም እውነት የጠገበ እየመሰለኝ እጨርሰው ነበር። ይህ በወገቤ ዙሪያ ያለው ሥጋ የማን ድርሻ እንደሆነ አሁን ቁጭ ስል ነው የገባኝ።

ከቆላ ተመለሰ ወይ? ጥጥ ገዝቶ ለመመለስ አንድ ወር ብዙ ነው።

ያሕያ


ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር ፱ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለመርየም አባት

አሰላሙ አለይኩም። ሁለት ወር ከስድስት ቀን ቀረ። እየቆጠርሁ ነው፣ እርስዎ ግን የሚቆጥሩ አይመስለኝም።

ያሉኝን ሁሉ አመንሁ፣ ኮሶውንም ጾሙንም። ነገር ግን ሰው ይህን ሁሉ ቀን ጾሞ ሁለት ጣት ጨመረ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት አማኑኤል ከተማ ላይ አንድ ወፍራም ገበሬ ያሕያ ነህ ብለው ይዘው አመጡ። ሦስት ቀን አስረው፣ ያንን ሱሪ አስለክተው ስለጠበበው ለቀቁት። ሲወጣ አየሁት፣ ጥርሱ ረግፏል። ላልሆነው ሰው እንዲህ ካደረጉ ለሆነው ምን ያደርጋሉ? እኔ ይህን እያየሁ እርስዎ ስለ ገንፎ ይጽፉልኛል።

ወይዘሮ የብርጓልን አከብራቸዋለሁ፣ ውለታቸውን አላህ ይክፈላቸው። ቢሆንም ያችን ለእርስዎ የለዩዋትን ድስት ገልጠው ይዩልኝ። የሴት ጓዳ እኔ አውቃለሁ።

ስለ ሐምዱ ደግመው አይጠይቁኝ። ደህና ነው ብያለሁ።

ሀጀራን እንደገና ጠየቅኋት። ወፍራም ሰው ከሚስቁበት ይልቅ የሚያስብበት ነገር ቢኖረው ይከሳል አለችኝ። እርስዎ የሚያስቡበት ነገር የጠፋብዎት ለምንድን ነው?

መዲና


ከሮብ ገበያ በላይ፣ ኅዳር ፲፰ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለመርየም እናት

ወአለይኩሙ ሰላም። ተቆጥተሽ ጽፈሽልኛል፣ ይገባኛል። እንኳን ለዒድ በሰላም አደረሰሽ፤ ለብቻዬ ሰግጄ ለብቻዬ አሚን አልሁ።

ድስቷን ገለጥሁ። የእኔ ዒድ ሲውል የእነሱ የነቢያት ጾም ገብቷል። ወይዘሮ የብርጓል ራሳቸው ከቂቤ ርቀው በደረቅ ሽሮ ላይ ናቸው። የእኔ ሽሮ ላይ ግን ቂቤው ጣት ያህል ተንሳፍፏል። ሳይቀምሱ፣ እጃቸውን እየታጠቡ ነው ያደረጉልኝ። ፌጦው ውስጥ ሳይቀር ማር ነበረበት። «ለምን እንዲህ ያደርጉኛል፣ ካልከሳሁ እንደምሞት ያውቃሉ» አልኋቸው።

ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «አውቃለሁ ልጄ» አሉ። «ጧት ጧት ዛሬ አላደርግም ብዬ እነሣለሁ። ገበታው ሲቀርብ እጄ እንቢ ይለኛል። ከቤቴ የገባ እንግዳ ከስቶ ወጣ ሲባል ከምሰማ ጣሊያን ቤቴን ያቃጥለው። ባሌ ቢኖር ምን ይለኛል?» ከዚያ በጾማቸው ማሉልኝ፣ ሁለተኛ ላያደርጉ። ይኸው አራት ቀን ቂቤ አልቀመስሁም፣ ገመዱም ወደ አንድ ስንዝር ተመልሷል። ጥፋቱ የሳቸው ነበርና ሆድሽ ይረፍ።

አትጠይቀኝ ላልሽው ነገር፣ እጠይቃለሁ። ሐምዱ ደህና ከሆነ በራሱ እጅ ሁለት መስመር ይጻፍልኝ። ሁለት መስመር ብቻ። ያን ጊዜ ድንጋይም ብላ ብትይኝ እበላለሁ።

ያሕያ


ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር ፳፫ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለመርየም አባት

አሰላሙ አለይኩም። ዛሬ ብዙ አልጽፍም።

ወይዘሮ የብርጓል ገንፎ እንዲያገነፉልዎ ይንገሩልኝ፣ ቂቤም ያድርጉበት። ጠግበው ይብሉ። ወተት ይጠጡበት። ከዚያ በኋላ ወይዘሮ የብርጓልንና መሪጌታን አጠገብዎ አስቀምጠው በሰም የታሸገውን ሁለተኛውን ወረቀት ይክፈቱ። ሳይበሉ አይክፈቱት። በመርየም ይዤዎታለሁ።

መዲና


(በሰም የታሸገው)

ያሕያ፣ ሐምዱ ሞቷል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። አባይ በረሃ ሳይደርስ ንዳድ ይዞት በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። አብረውት የነበሩት ነጋዴዎች ቀበሩት፣ ቀበቶውንና ወረቀቱን አመጡልኝ። ልቡ ሳይጠፋ «ወረቀቱ ገና ጊዜ አለው፣ ያሕያ ይጨርሰው» ብሎ ነበር። ያኔ እርስዎ ከተደበቁ አሥር ቀን ሆኖዎት ነበር።

አላለቀስንም። ለቅሶ ብንቀመጥ የወረቀቱ ባለቤት መሞቱ ይሰማል፣ ወረቀቱም ይሞታል። ነጋዴዎቹን በቁርዓን አስማልኋቸው። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስሁ፣ መርየም እንኳ አታውቅም። እርስዎን ደህና ነው እያልሁ ዋሸሁዎት። መርዶ በወረቀት አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰውየው በልቶ፣ ዘመድ ከቦት ነው የሚነገረው። አንድ ቀን ከቤታችን ደጅ ላይ እንዲያ አድርጌ አረዳዎታለሁ ብዬ ነበር የያዝሁት።

አሁን ለምን ነገርሁዎት? በእጁ ይጻፍልኝ ስላሉ ነው። ግን ሁሉንም ልናገር፣ ከዚህ ወዲያ ልዋሽዎት አልችልም። ሀጀራ ሐሳብ ያህል የሚያከሳ የለም ስትለኝ፣ ሐዘኑ ኮሶው ያልቻለውን ይችል ይሆናል የሚል ነገር በልቤ አልፏል። አንዲት ደቂቃ ነው ያለፈው። አልፏል ግን። ይቅር ይበሉኝ።


ከሮብ ገበያ በላይ፣ ኅዳር ፳፱ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለመዲና

በልቻለሁ። ሁለት ወር ሙሉ አትብላ ስትይኝ ከርመሽ «ጠግበው ይብሉ» የሚለውን ሳነብ ገንፎውን ከፊቴ ገፋሁት። ቢሆንም በመርየም ይዘሽኛልና ገንፎውን ጨረስሁት። ከዚያ ከፈትሁት። ወይዘሮ የብርጓል አብረውኝ አለቀሱ፤ መሪጌታም ወንድማቸው የሞተ ያህል ደረታቸውን መቱ። ብቻዬን አልነበርሁም፣ ስለዚህ አትጨነቂ።

አሁን እኔም ልናገር። አውቄ ነበር። ከመጀመሪያው ደብዳቤሽ ጀምሮ አውቄአለሁ። «ቀበቶውን ዘርግቼ፣ በሱ ልክ ቆረጥሁት» አላልሽኝም? ያንን ክታብ እናታችን ከሰፋችለት ቀን ወዲህ ሐምዱ ቀበቶውን ከወገቡ ለይቶ አያውቅም፤ ወንዝ ሲገባ እንኳ ራሱ ላይ ጠምጥሞት ነበር የሚዋኝ። ያ ቀበቶ አንቺ እጅ የሚገባበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። ታዲያ ለምን ስጠይቅሽ ከረምሁ ብትይ፣ «ደህና ነው» ባልሽኝ ቁጥር አንድ ገበያ ያህል ይኖርልኝ ነበር።

ወይዘሮ የብርጓልንም በሐሰት ከሰስኋቸው። ቂቤ ማድረጋቸው እውነት ነው። ግን እኔ ያሕያ ቂቤ ያለበትን ሽሮ የማላውቅ ሰው ነኝ? ከመጀመሪያው ጉርሻ አውቄ ነው የበላሁት። ማሩንም አውቄ ነው። ገመዱ በገጠመ ቀን እኔ ሐምዱ እሆናለሁ፤ እኔ ሐምዱ ከሆንሁ እሱ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ጧት ጧት ገመዱን እታጠቅና ሳይገጥም ሲቀር ልቤ ያርፍ ነበር። ፌጦውም ኮሶውም ጾሙም ጥፋት የለባቸውም። ሲያከሱኝ እኔ ነኝ ስመልሰው የነበርሁት።

በልቤ አለፈ ላልሽው ነገር አልተቀየምሁሽም። እኔ በሬሳ ላይ ስበላ ከረምሁ፣ አንቺ ባልሽ እንዲተርፍ አሰብሽ።

ሐምዱ ያሕያ ይጨርሰው ካለ፣ እጨርሰዋለሁ።

ያሕያ


ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ ፲፮ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለመርየም አባት

አሰላሙ አለይኩም። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብሁት። ስለሱ ስንገናኝ እንነጋገራለን።

ወይዘሮ የብርጓል በአንሙት በኩል የላኩብኝ ቃል ደረሰኝ። «እኔ ማድለብ አበዛሁ ብላ ከስሳኝ ነበር፣ አሁን ትምጣና ታጉርሰው» ብለዋል። በቀን አንዴ ቆሎ ብቻ ቆርጥመው ሌላ እንቢ አሉ አሉኝ። ያሕያ፣ እኔ ቀጭን ሰው ነው የፈለግሁት፣ ሬሳ አላልሁም። በአንድ ጊዜ የወረደ ሥጋ በአንድ ጊዜ ይመለሳል ይላሉ፤ ቀስ ይበሉ። ከዚያ እስከ ሉማሜ የሚወስድዎ እግር ያስፈልግዎታል። ጥቂት ገብስ፣ ጥቂት ወተት ይውሰዱ። በጎተራው ዙሪያ ይመላለሱ።

በሐምዱ ስም ሲጠሩ አቤት ማለት ይልመዱ። ወይዘሮ የብርጓል በሱ ስም ይጥሩዎት።



መዲና


ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጥር ፲ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለመርየም እናት

ነገ ጧት እወርዳለሁ። ወረቀቱ በአንሙት እጅ ደርሶኛል። ገመዱ ሁለት ጣት ይቀረዋል፣ ትንፋሼን ስይዝ ይገናኛል። የአባይ ድልድይ ላይ እስኪያሳልፉኝ ትንፋሼን መያዝ አያቅተኝም።

ወይዘሮ የብርጓል ውሃ በገንዳ አምጥተው ፊቴን አሳዩኝ። አገጬ አንድ ሆኗል። ብዙ አላየሁም፣ ውሃውን በእጄ በጠበጥሁት። ሳሰናበታቸው በበሩ ቆመው «ከቤቴ ከስቶ የወጣ እንግዳ አንተ ብቻ ነህ፣ ሳትወፍር እንዳትመለስብኝ» አሉኝ። በሶ አሲዘውኛል። ምንም የለበትም ብለው ማሉ፤ ቀምሼዋለሁ፣ ቂቤ አለበት።

መርየምን ሳሚልኝ። እስክጽፍልሽ ደብዳቤ አትላኪ።

ያሕያ


ፍቼ፣ የካቲት ፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለውድ የወንድሜ ሚስት፣ ለወይዘሮ መዲና

ለጤናዬ ደህና ነኝ። አባይን በሰላም ተሻግሬያለሁ። እንዴት እንዳለፍሁ ማወቅ ይፈልጋሉና፣ እነሆ።

ድልድዩ ላይ አንድ አስካሪ ከጣሊያኑ አጠገብ ቆሞ ስም ይጠራል። «ሐምዱ» አለ፣ «አቤት» አልሁ። ጣሊያኑ ፎቶግራፉን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ፎቶግራፉን አየ። አስካሪው «ከፎቶግራፉ ተጎሳቁለሃል፣ ታመህ ነበር?» አለኝ። መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ንዳድ ነበረብኝ ልል ነበር። አፌን ስከፍት «ወንድሜ ሞቶብኝ ነው» የሚል ወጣ። አስካሪው ቆቡን አወለቀ። «እግዜር ያጽናህ፣ እለፍ» አለኝ።

በአደባባይ ያጽናህ ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። ከድልድዩ ወዲህ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ለቀቅሁ፣ ሰው ሲያየኝ የደከመኝ መሰለው።

ወረቀቱ እዚህ ታድሷል፤ በየወሩ እየቀረብሁ ማሳየት አለብኝ። ስለዚህ መወፈር አልችልም። ያደርሁበት ቤት ሰዎች የከሳ ሰው ተመልሶ ሲወፍር እጥፍ ይሆናል ይላሉ፤ ስንቱን ሰማሁት። እኔ ያገኘሁት መድኃኒት አንድ ነው። አራት አምስት ጊዜ ጎርሼ «ጠገብሁ» ብዬ እነሣለሁ። ሐምዱ ያን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ ጠግቦ እንዳልነበር በየቀኑ አውቀዋለሁ።

ሐምዱ


ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ ፳ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ለመርየም አባት፣ ለያሕያ

አሰላሙ አለይኩም። በስምዎ ጠርቼ ስጽፍ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዬ ነው፣ እጄ አላመነኝም።

«እውነት ሄዱ ወይ» ላሉኝ፣ ጣሊያኖቹ ሄደዋል። በቀረጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለውን ወረቀት እኔ ራሴ ቀደድሁት። ሱሪዎም ተገኘ፤ ካምፑ ሲዘረፍ መርየም ገብታ ይዛው መጣች። አጥቤ አጣጥፌ አስቀምጬዋለሁ። አንሙት ከሮብ ገበያ ከወይዘሮ የብርጓል አንድ እንስራ ቂቤ አምጥቷል፣ «ለዚያ ሰው» ብለው። በግ አስሬያለሁ። ከእንግዲህ የሚከለክልዎት የለም፣ እኔም አልከለክልም። ይምጡና ያንን ሱሪ ይሙሉልኝ።

መቼ እንደሚደርሱ ይጻፉልኝ፣ ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ።

መዲና


ፍቼ፣ ግንቦት ፯ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ለመርየም እናት

ወአለይኩሙ ሰላም። ለግንቦት ሃያ እደርሳለሁ። የራበኝ ብዙ ነው፣ አልደብቅሽም። በመንገድ ላይ የማስበው ያንን እንስራ ቂቤ ነው።

ነገር ግን ስገባ ገበታ አታቅርቢልኝ። ሽማግሌዎቹን ጥሪ፣ ሀጀራን ጥሪ፣ ሐምዱን የቀበሩትን ነጋዴዎች ጥሪ፣ በሩን ወለል አድርገሽ ክፈቺው። ቀበቶውን መሀል አስቀምጪልኝ። ከዚያ እንዳልሰማ ሰው አርጂኝ፤ «ሐምዱ ሞቷል» በይኝ፣ ጮክ ብለሽ፣ ጎረቤት እስኪሰማ። ሳልበላ መርዶ አይነገርም እንዳትይኝ። እኔ በአደባባይ ሳላለቅስለት በቂ በልቻለሁ።

ሲያልቅ ገበታውን አቅርቢ። ቀድሜ አልነሣም።

ያሕያ